የጠመኔው መስመር፦ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቤት ወለል ሥር ተደብቆ የኖረ ሽንቁር

ቤቱ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከፍቅር ሐይቅ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል። በብሎኬት የተሠራ፣ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው፣ ከተገነባ 14 ዓመት የሆነው ቤት ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛልና እዚህም «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

ውሃ ያስቸገረው ቤት ስገባ ከልማዴ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። እዚህ ግን ዓይኔን የያዘው ወለሉ ነበር። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ተነሥቶ እስከ ኮሪደሩ ወገብ ድረስ፣ ሊሾው ላይ በጠመኔ የተሰመሩ ቅስቶች አንዱ ከአንዱ ውጭ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ቅስት ጫፍ ቀን ተጽፏል፦ ኅዳር 12፣ ኅዳር 15፣ ኅዳር 19። በየመስመሩ ውስጥ ያለው ሊሾ ጠቁሯል፤ ከውጭ ያለው ነጣ ብሎ ደርቋል።

«ትኩሳት የያዘው ሰው ሙቀቱ በየሰዓቱ ይጻፋል» አሉኝ እትዬ። «ይህም ወለል ታሟል። እኔ የማውቀው መጻፍ ነው፤ ማከሙ ያንተ ነው።»

በሥራዬ ብዙ ባለቤቶች ገጥመውኛል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ያስረከበኝ አንድም አልነበረም። የሚያሳፍረው ግን መዝገቡን በመጀመሪያው ቀን በቅጡ አለማንበቤ ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈውም በዋናነት ስለዚያ ስህተት ነው።

ከእኔ በፊት የተባለው

እኔ ስደርስ ሦስት ምርመራዎች ተሰጥተው አልቀዋል። ጎረቤቶች «ሐይቁ ነው» ብለዋል። የእትዬ ወንድም የሚያመካኙት በጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳን ባናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ምክንያቱም ከወጥ ቤቱ በር ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግድግዳው ላይ አለ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ «የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ነው» ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ ሰብሯል። ቆፍሮ ያገኘው ደኅና የፍሳሽ ቧንቧና በዙሪያው የራሰ አፈር ነው። ጉድጓዱን በሳንቃ ሸፍኖ ሄደ፤ ስልኩንም ማንሣት ተወ።

ሐይቁን የጠረጠሩት ጎረቤቶች ሞኞች አልነበሩም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃና የዝናቡ ጎርፍ ይገቡበታል፤ መጠኑን የሚቀንሰው በዋናነት ትነቱ ነው። ስለዚህ ከፍታው ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ ከተማዋን ያሰጋባቸው ዓመታትም ነበሩ። በዓመት ውስጥም ከፍ የሚለው ክረምቱ በከፋበት ሰሞን ሳይሆን ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው። የእትዬ ወለል መራስ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ሰዓቱ ልክ ገጥሟል። ይህን የመሰለ መግጠም ነው ሰውን የሚያሳስተው።

የመጀመሪያው ጉብኝት

ያደረግሁት ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው። በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘጋሁ፤ በር ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሄድኩ፤ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩ፤ በመስታወቱ ውስጥ የምትታየውን ትንሽ ቀይ ጎማ ተመለከትኩ። ይህች ጎማ በጣም ትንሽ ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች፤ ሁሉም ነገር ተዘግቶ ከዞረች ከቆጣሪው በኋላ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ጎማዋ አልተነቃነቀችም።

«የቧንቧ መስመርዎ ጤነኛ ነው» አልኳቸው። «ጎረቤቶችዎ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ የከርሰ ምድር ውሃ ይመስላል። የበጋው መጨረሻ ድረስ እንጠብቅ።» ተጨባብጠን ተለያየን።

በሦስተኛው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ የመጣህ ዕለት ቀኑ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ እኮ የእኛ የውሃ ፈረቃ አይደለም።»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የፈረቃው ቀናት በሰማያዊ ተከብበዋል፤ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ሻይ ጠጥቻለሁ። በመንገዱ መስመር ውሃ በሌለበት ቀን የቆጣሪ ጎማ እንዴት ይዞራል? ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ቤቱ ውሃውን የሚጠጣው በቀጥታ ከመንገዱ መስመር አይደለም። ውሃው አራት ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ወደ ተቀመጠው 1,000 ሊትር ሮቶ ይገባል፤ ቤቱን የሚያጠጣው ሮቶው ነው። ስለዚህ ሽንቁሩ ከሮቶው በኋላ ከሆነ፣ ፈረቃ ኖረም አልኖረም ሌት ተቀን ያፈሳል፤ ቆጣሪው ደግሞ ከሮቶው በፊት ስለሆነ ውሃ ወደ ሮቶው በማይገባበት ሰዓት ምንም አያየውም። እኔ የመረመርኩት ያልታመመውን ክንድ ነው።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እትዬ «ተቀመጥ፣ ቡና ይፈላል» አሉና መዝገባቸውን አወጡ።

ሁለተኛው ምርመራ

አሁን ወለሉን በሥርዓት አነበብኩት። ከቅስቶቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። ታኅሣሥ 8 የተሰመረው ከታኅሣሥ 3ቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ስንዝር ያህል አፈግፍጓል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እንደገና ወደ ውጭ ሰፍተዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩ። ይርጋለም ለቅሶ ደርሰው አራት ቀን ቆይተው መመለሳቸውን ነገሩኝ።

«ከመሄድዎ በፊት የዘጉት ነገር ነበር?»

«ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ የሮቶውን ሳራቺኔስካ እዘጋለሁ። ለምን?»

የከርሰ ምድር ውሃ ሳራቺኔስካ ሲዘጋበት አያፈገፍግም። ከዚህ በኋላ የቀረው ማረጋገጥ ነበር፤ ከአንድ ስህተት በኋላ ግን በአንድ ምስክር መፍረድ አልፈለግሁም።

ጎረቤት ግቢ አሮጌ የእጅ ጉድጓድ አለ። በገመድ ጫፍ ድንጋይ አሰርኩና አወረድኩበት፤ ውሃው የተገኘው ከመሬት በታች 3 ሜትር ከ40 ላይ ነው። የዚያ ሰፈር አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድ፣ አሸዋና ፑሚስ የሚባለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ሸካራ አፈር ውሃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ስቦ ሦስት ሜትር አያደርስም። ሐይቁ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ፣ የቀድሞው ሠራተኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በተወው ጉድጓድ ሦስት ጣት ያህል ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። እስክሪብቶ በምትመስለው የጨው መለኪያዬ ሦስት ውሃዎችን ለካሁ። የቧንቧው ውሃ 110፣ የጎረቤት ጉድጓዱ 720፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጉድጓድ 190 ሚሊ ግራም በሊትር ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ጨውም ፍሎራይድም እንደሚበዛበት የታወቀ ነው፤ የወለሉ ሥር ውሃ ግን ለቧንቧው ዘመድ ሆኖ ተገኘ። 110 ላይ ያልቀረው በሲሚንቶና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ጨው ስለሚይዝ ነው። በዚህ ምክንያት ይህን መለኪያ ብቻውን አላምነውም፤ ከሌሎች ጋር ሲቆም ግን ጥሩ ምስክር ነው።

የመጨረሻው ፈተና የሮቶው ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ሮቶው የሚገባውን ዘጋሁ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ቧንቧ እንዳይነካ ቃል ገባ፤ ሽንት ቤት ለሚሄድም ባልዲ ውሃ ተቀመጠ። ማማው ላይ ወጥቼ ቀጥ ያለ ሽምቢቆ እስከ ሮቶው ወለል ሰደድኩና የራሰበት ላይ በቢላ ጫርኩት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ወጥቼ እንደገና ነከርኩት። በሁለቱ ጭረቶች መካከል 15 ሴንቲ ሜትር አለ። የሮቶው ዲያሜትር 1 ሜትር ከ10 ስለሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዘጠኝ ሊትር ተኩል ይይዛል። በሰባት ሰዓት 142 ሊትር ጠፍቷል፤ በሰዓት 20 ሊትር ማለት ነው፤ በቀን ሁለት በርሜል ተኩል ያህል ከቤቱ ሥር ይፈሳል።

ይህን ለማድረግ ትልቅ ቀዳዳ አያስፈልግም። በአራት ሜትር ከፍታ ግፊት፣ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል የሆነ ሽንቁር ይበቃዋል፤ የወፍራም መርፌ ውፍረት ነው።

ቁጥሩ ሌሎች ነገሮችንም አስታወሳቸው። ሮቶው ከጥቅምት ወዲህ ፈረቃው ሳይደርስ እያለቀ ያስቸግር ነበር፤ እትዬ የልጅ ልጆቻቸውን «ውሃ ታባክናላችሁ» ብለው ተቆጥተዋል። ደረሰኞቹን ስንገላብጥ የወር ፍጆታቸው ከ9 ሜትር ኩብ ወደ 19 ወጥቷል። ዋጋ የጨመረ መስሏቸው የከፈሉት ብር ላይ እንጂ የሜትር ኩቡ ቁጥር ላይ ዓይናቸው አላረፈም። ሮቶው ባዶ ሲሆን ሽንቁሩም ስለሚያርፍ እንጂ ቁጥሩ ከዚህም በላይ ይሆን ነበር። ልጆቹ በይፋ ይቅርታ ተጠየቁ።

የት ነው?

ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ከግድግዳው ውጭ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ሌላው 11 ሜትር በኮሪደሩ ሥር ሄዶ ወደ ወጥ ቤት። ለየቅርንጫፉ መዝጊያ አልተሠራለትም፤ ይህ በከተማችን የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ሁለት ሳራቺኔስካ የማይገዛ ሰው በኋላ ወለል ይገዛል። ስለዚህ መክፈያው ላይ ቆርጬ እያንዳንዱን ጫፍ ለየብቻ ደፈንኩና በእጅ በሚገፋ መሞከሪያ ፓምፕ ግፊት ሰጠኋቸው። የመታጠቢያ ቤቱ መስመር በ6 ባር ግፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመ። የወጥ ቤቱ መስመር 4 ባር እንኳ መያዝ አቃተው፤ እጄን ከፓምፑ ባነሣሁ ቁጥር መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ።

እንግዲህ እርጥበቱ የሚታየው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ የሚያፈሰው ግን የወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው። በ11 ሜትር ውስጥ የትኛው ሜትር?

የብረት ቧንቧ ቢሆን የሽንቁሩ ድምፅ በብረቱ ላይ ርቆ ይጓዛል፤ በሌሊት ረጅም የብረት ዘንግ ጆሮ ላይ ደግፎ ማዳመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፕላስቲክ ግን ድምፁን ይውጠዋል። ዘንጌን ይዤ ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነው። ሃይድሮጂን የተቀላቀለበት ጋዝ ቧንቧው ውስጥ ሰድዶ ከወለሉ በላይ በመሣሪያ የሚያሸት ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ፤ መሣሪያው ግን የለኝም። ያለኝ ጎረቤት ጎሚስታ ነው።

ከጎሚስታው የአየር መጭመቂያውን ተውሼ፣ ቧንቧው ውስጥ ግማሽ ያህል ውሃ ትቼ፣ በ2 ባር አየር ሰደድኩበት። (ከዚህ በላይ አልወጣም። የታመቀ አየር እንደ ውሃ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ቢሰነጥቀው ስባሪው እንደ ጥይት ይወነጨፋል።) አየርና ውሃ ተደባልቀው በጠባብ ቀዳዳ ሲወጡ ይንቦጫረቃሉ፤ ይህ ድምፅ ከውሃው ጭስጭስታ ይልቅ ጎላ ብሎ ይሰማል። ረዳቴ መጭመቂያውን መንገድ ላይ አቆመው፤ እኔ በደረቴ ተኝቼ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ነገር ይሰማል፤ ከየት እንደሆነ ግን አይለይም።

እትዬ ከመኝታ ቤታቸው የእንጨት ቀንድ ይዘው መጡ። አጭር መለከት ይመስላል፤ ሰፊው አፉ ለነፍሰ ጡር ሆድ፣ ጠፍጣፋው ጫፍ ለአዋላጅ ጆሮ። የጽንስ ልብ ትርታ ማዳመጫ ነው፤ ከሥራ ሲወጡ ለማስታወሻ ያስቀሩት።

«ተነሥ» አሉኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተንበረከኩ፤ ቀንዱን ሊሾው ላይ አቁመው ጆሯቸውን ደገፉና እጃቸውን ከቀንዱ ላይ አነሡ። «እጅ ከነካው የራስህን ደም ነው የምትሰማው» አሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ይህን አላውቅም ነበር። ከኮሪደሩ መጀመሪያ ተነሥተው በየሁለት ስንዝሩ እያቆሙ ሄዱ። የጠቆረውን ሊሾ አለፉት። ደረቁንም አለፉት። ከወጥ ቤቱ ደፍ አጠገብ፣ ሴራሚኩ ከሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አንድ ሴራሚክ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ሞከሩና ተመለሱ።

«እዚህ ነው። ይጮኻል።»

ጠመኔውን ከኪሳቸው አውጥተው መስቀል አደረጉበት። በራሴ ጆሮ ደገምኩት፤ ድስት ውስጥ የሚንተከተክ ሹሮ ይመስላል። ከታየው እርጥበት እስከ መስቀሉ አራት ሜትር ተኩል ነው።

ከወለሉ ሥር

ሁለት ሴራሚክ አንሥተን አሥር ሴንቲ ሜትሩን ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉን ኮንክሪት ስንወጋ፣ መሮው በድንገት ወደ ታች አመለጠ። ከኮንክሪቱ ሥር አፈር የለም። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁት፤ ጣቶቼ ያገኙት ታጥቦ የጸዳ ድንጋይና ቀዝቃዛ ባዶ ነው። ባዶው በጥልቁ ቦታ አንድ ስንዝር፣ በስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። ውሃው ደቃቁን አመድ እየጠረገ በድንጋዮቹ መካከል ወደ ታች አስርጎታል።

የግድግዳው ስንጥቅም እዚህ ተፈታ። በወጥ ቤቱና በኮሪደሩ መካከል ያለው ግድግዳ የራሱ መሠረት የለውም፤ በቀጥታ ሶሌታው ላይ ተገንብቷል። ከሥሩ ያለው ሲሸሽ ሶሌታው ሰርጎድ አለ፤ ግድግዳውም ደካማ ቦታው በሆነው በበሩ ማዕዘን ተቀደደ። የመሬት መንቀጥቀጡ ቢያንስ በዚህ ክስ አይጠየቅም።

እርጥበቱ ለምን እዚያ ማዶ ታየ? ቧንቧው የተቀበረበት ቦይ ልል አፈር ስለነበረው ውሃው በቦዩ ተመርቶ የፍሳሽ ቧንቧው እስከሚያቋርጠው ድረስ፣ ማለትም እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄዷል። ከዚህም ሌላ፣ ወጥ ቤቱ ሴራሚክ ስለሆነ እርጥበትን ይደብቃል፤ ሊሾ ግን ይናገራል። እኛ ያየነው ውሃው ያለበትን ቦታ ሳይሆን ወለሉ መናገር የሚችልበትን ቦታ ነበር።

ሽንቁሩ ያለው ጎሚቶው፣ ማለትም የቧንቧው መታጠፊያ ላይ ነው። ቆርጬ አወጣሁትና በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ ዛሬም የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የ25 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በ260 ዲግሪ ለ7 ሰከንድ ያህል ይሞቅና ወደ ጎሚቶው 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። ይኸኛው በአንድ ወገን 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ገብቷል፤ ተጣሞም ተይዟል። ፕላስቲኩ ተዋሕዶ አንድ መሆን ሲገባው፣ የመጋጠሚያው መስመር በጥፍር ይሰማል። ያልጋለ ብረት፣ ምናልባትም መብራት ጠፍቶ በመጣበት መሃል የተሠራ ሥራ። ከሥሩ ደግሞ አሸዋ አልተነጠፈለትም፤ የአንድ ድንጋይ ሹል ጫፍ ለ14 ዓመት ከታች ገፍቶታል።

ጥገናው

ርካሹ መንገድ ጎሚቶውን ቀይሮ መድፈን ነበር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እትዬም መጀመሪያ ወደዚያ አዘንብለው ነበር። እኔ አልፈለግሁም። አንድ እጅ የሠራው 11 ሜትር ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ሌሎች አራት ጎሚቶዎች አሉ፤ ሁሉም ድንጋይ ላይ ተኝተዋል። ስለዚህ የወለሉን ሥር መስመር እስከ ወዲያኛው ትተን ሁለቱንም ጫፍ ደፈንን፤ አዲሱን ቧንቧ በግድግዳው አውጥተን ከኮርኒሱ በላይ፣ በየ80 ሴንቲ ሜትሩ በመያዣ አስረን ወደ ወጥ ቤት አወረድነው። ኮርኒስ ላይ የሚያፈስ ቧንቧ በማግስቱ ራሱን ያጋልጣል። ውጭ ለፀሐይ የሚጋለጠውን ክፍል በብረት ቱቦ አለበስነው፤ ፒፒአር የፀሐይ ጨረር እያደረቀ ያሰባብረዋል። ለሁለቱም ቅርንጫፍ የየራሳቸው ሳራቺኔስካ ገባላቸው።

ባዶውን መሙላት ከቧንቧው ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ቀዳዳውን ወደ 1 ሜትር ከ20 በ80 ሴንቲ ሜትር አስፍተን አሥር ቀን ክፍት ተውነው፤ የሚደርቀው ይድረቅ ብለን። ከዚያ ገረጋንቲ በጥቂት ሲሚንቶ አርሰን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ እየደበደብን ሞላነው፤ ላስቲክ አነጠፍን፤ ፌሮ አስረን ኮንክሪት ሞላን። ኮንክሪቱ እንዳይሰነጠቅ ለሳምንት ውሃ ማጠጣት ነበረብን። እትዬ ባልዲውን ይዤ ሲያዩኝ «ሁለት ወር ሙሉ ውሃ አስቸገረኝ ብዬ ጠራሁህ፣ አንተ ደግሞ ታጠጣዋለህ» ብለው ሳቁ።

የሮቶውን ፈተና ደገምኩት። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ በዚያው ሽምቢቆ። ሁለቱ ጭረቶች አንድ ላይ አረፉ።

ስንጥቁን ወዲያው አልደፈንነውም። ሁለት ቦታ ላይ ጂፕሰም ለጥፈን ቀን ጻፍንበት፤ ግድግዳው አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጂፕሰሙ ይሰነጠቃል። አራት ወር ሆኖታል፤ አልተሰነጠቀም። ያለፈው ወር ደረሰኝ 9 ሜትር ኩብ ይላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በከንቱ ለተሰበረው ሴራሚክ ግን ሐዋሳን ሙሉ ዞረን አምሳያ አጣንለት፤ አሁን በሰማያዊው ወለል መሃል ስድስት ቡናማ ሴራሚኮች አሉ። እትዬ አልወደዷቸውም፤ ምንጣፍ ጣል አድርገውባቸዋል።